ውሃው የት ሄደ?

መኪና ሲግል በአገራችን የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ድልድዩን የተሻገረ የጭነት መኪና የደጀንን ዳገት ሲያያዘው፣ ጥቂት መታጠፊያዎችን እንዳለፈ ጥግ ይዞ ይቆማል። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሽቆ ጀሪካኑን ያንጠለጥላል፤ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ይበተናል። ከሥር የበረሃው ሙቀት፣ ከፊት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ዳገት፣ ከላይ ጭነት፤ እንኳን ብረት ሰውም ይግላል። ስለዚህ «ምን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሞተሩ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ውሃ ይጨመርለታል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

እዚህ ሆላንድ ዳገት የለም። እንዲያውም ከሮተርዳም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ አ-20 በሚባለው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ከባሕር ወለል 6 ሜትር ከ76 ሳንቲም ዝቅ ያለ መሬት አለ፤ ከአገሩ ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ ዝናብ ነው። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ፣ ሮተርዳም ውስጥ ጡረታ እስክወጣ በጋራዥ ስሠራ ከወገኖቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ሞተር እንዴት ይግላል?» የሚል ነበር። ብርዱና ሜዳው በሽታውን ይሸፍኑታል እንጂ አያድኑትም። ዓባይ በረሃ ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚጋለጥ ራዲያተር፣ በዴን ሃግና በሮተርዳም መካከል ባለው ሜዳ ላይ ወራት ያታልላል። እዚህ የሚያጋልጠው ዳገቱ ሳይሆን የመኪናው ሰልፍ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አ-13 ላይ፣ ወይም በአምስተርዳም ቀለበት መንገድ ወደ ኩን ዋሻ መግቢያ ቆሞ የሚጠብቅ አሮጌ መኪና፣ ጠዋት የደበቀውን ያን ጊዜ ይናገራል።

ችግሩ አገራችንን ለቀን ስንመጣ ጀሪካኑን ይዘነው መምጣታችን ነው። የስንቱን ወገን መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ስከፍት በውሃ የተሞላ የለስላሳ ጠርሙስ አግኝቻለሁ! «ትንሽ ትንሽ ውሃ ትጠጣለች እንጂ ጤነኛ ናት» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው፤ መኪና ውሃ አይጠጣም። ቤንዚን ይቃጠላል፣ የሞተር ዘይትም በጥቂቱ ይቃጠላል፤ የራዲያተር ውሃ ግን በዝግ መንገድ የሚዞር ነው። ፓምፑ ይገፋዋል፣ በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው ውስጥ ለውስጥ ያልፋል፣ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ በር ይከፍትለታል፣ ራዲያተር ውስጥ ነፋስ መትቶት በርዶ ይመለሳል። መጠኑ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። ወይ መሬት ላይ ፈሷል፣ ወይ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ገብቷል፣ ወይ ከጭሱ ጋር ወጥቷል፣ ወይ ከሞተር ዘይት ጋር ተደባልቋል። ከእነዚህ ሌላ መሄጃ የለውም። የት እንደሄደ ሳይጠይቁ መጨመር ምስክርን አፉን እንደመያዝ ነው።

ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። ውሃ በተጨመረ ቁጥር ፀረ በረዶው ይቀጥናል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፈሳሽ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም፤ ባዶ ውሃ ግን ዜሮ ላይ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ብረት ይሰነጥቃል። አንባብያን የ1997ን ክረምት (የማነሳው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ታስታውሱ ይሆናል፤ ጥር 4 ቀን ሆላንዶች በፍሪስላንድ አሥራ አንዱን ከተማ በበረዶ ላይ በመንሸራተቻ የዞሩበት ክረምት ነው። እነሱ በደስታ ሲጨፍሩ፣ በጋውን ሙሉ ውሃ ብቻ ሲጨምር የከረመ አንድ ወዳጄ ብሎኩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘው። መኪናው በበጋ የሚያንጠባጥብ አንድ የጎማ ቱቦ ብቻ ነበረበት።

ስለ ራዲያተር ክዳንም ጥቂት ልበል፤ ትንሽ ናት ተብላ የምትናቅ ዕቃ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚህ 100 ላይ ነው። ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ክዳኑ ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ራዲያተር እንደ ጀበና በገነፈለ ነበር። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። 0.9 ባር የሚል የተጻፈበት ክዳን አዲስ አበባ ላይ ወደ 115፣ ሮተርዳም ላይ ወደ 119 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል፤ ሰውየው ግን ራዲያተር ሊያስቀይር ይሮጣል። የጋለ ሞተር ክዳን የማይከፈተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ የያዘው ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ክዳኑ በላላበት ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። በዚህ የተቃጠለ እጅና ፊት በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ይጠበቅ።

አዲስ አበባ «ቮልስ» እያልን የምንጠራት ክብዋ ፎልክስዋገን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነበረች። ራዲያተር የላትም፣ በአየር ትበርዳለች። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼ መንዳት የተማሩት በእሷ ስለሆነ የራዲያተርን ነገር የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጋለ መኪና ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «መቼ?» ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ታሪክ ያስረዳል።

በ2009 አንዲት የዴን ሃግ ነዋሪ እህታችን ስልክ ደወለችልኝ። ናልድቫይክ አካባቢ፣ ዌስትላንድ በሚባለው የመስታወት ቤቶች አገር አበባ ትለቅማለች። ከቤት የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ በዚያ ሰዓት ከሥራው ደጅ የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። ሥራው በጊዜያዊ ሠራተኛ አቅራቢ በኩል ስለሆነ ሁለት ቀን ከቀረች ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ሰው ይጠራል። ሁለት ልጆች አሏት። መኪናዋ በ1995 የተሠራች ትንሽ ባለ ቤንዚን ናት፤ ከ14 ዓመት በኋላ የፋብሪካውን ስም ማንሳት ፍርድ አይሆንምና እንለፈው። ያሳየችበት ጋራዥ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል፤ ወደ ብረታ ብረት ስጫት» ብሏት፣ እግረ መንገዱን በግቢው የቆመች ሌላ መኪና በ1,800 ዩሮ አሳይቷታል። ማስረጃውም ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ውሃ ትጨርሳለች። ሁለተኛ፣ የሞተር ዘይቱ ክዳን ሲከፈት ከሥሩ እንደ ማዮኔዝ ያለ ነጣ ያለ ቅባት ይታያል።

«መቼ ነው የምትግለው?» አልኳት።

«ከሥራ ስመለስ፣ ጋሼ።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ምንም አትልም። ማታ ኤን-211 ላይ ሰልፍ ስጠብቅ ነው ቀስቱ የሚወጣው። መንገዱ ሲከፈትልኝ ደግሞ ይወርዳል።»

ግማሹን ነገረችኝ። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ መኪና ሰልፍና ነጻ መንገድ አይመርጥም፤ እንዲያውም በፍጥነት ሲነዳ ይብስበታል። ሲሄድ ደኅና ሆኖ ሲቆም የሚግል መኪና ነፋስ ነው የጎደለው። በሚሄድበት ጊዜ ነፋሱን መንገዱ ይሰጠዋል፤ ሲቆም መስጠት ያለበት ከራዲያተሩ ኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። በተቃራኒው፣ ሰልፍ ላይ ደኅና ሆኖ አውራ ጎዳና ላይ በ100 ሲነዳ የሚግል ከሆነ ማራገቢያው አይጠረጠርም። ያን ጊዜ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ቴርሞስታቱ በከፊል ብቻ ይከፍታል። ከተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀስቱ ወደ ቀዩ ከወጣና ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደው የላይኛው ቱቦ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ እንደተዘጋ ቀርቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ሌሊቱን ስታድር ከሥሯ ካርቶን እንድታነጥፍ ነግሬያት ነበር፤ ካርቶኑ ደረቅ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር የእጅ ፓምፕ በክዳኑ ቦታ ገጥሜ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ነፋሁ። ሃያ ደቂቃ ቆመ፤ ቀስቱ አልወረደም። ይህ ማለት ቱቦዎቹም፣ ራዲያተሩም፣ ፓምፑም አያንጠባጥቡም። ቀጥሎ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባትን የመስታወት መመርመሪያ ከውሃ መያዣው አፍ ላይ አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው የሚገባ ቢሆን ኖሮ ፈሳሹ ወደ ቢጫ በተለወጠ ነበር፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ማዮኔዙስ? ዴን ሃግና ናልድቫይክ ቅርብ ናቸው። በእርጥብ ብርድ አጭር መንገድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ የአየሩ እርጥበት ክዳኑ ሥር ተከማችቶ ከዘይት ጋር ይናጣል። ዋናው ዘይት ንጹሕ መሆኑን በመለኪያው ዘንግ አየሁት። ክዳኑ ሥር የሚታይ ቅባት ብቻውን ጓርኒሲዮንን አያስፈርድበትም፤ ይህን ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ!

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነበር። ሞተሩ በቆመበት እየሠራ ቀስቱ ወጣ። የላይኛውም የታችኛውም ቱቦ ሞቀ፤ እንግዲያው ቴርሞስታቱ ከፍቷል። ማራገቢያው ግን አልዞረም። ራዲያተሩ ጎን ላይ ሙቀት ሲሰማት ማራገቢያውን የምታበራ አንዲት ማብሪያ አለች። መሰኪያዋን ነቅዬ ሁለቱን ሽቦ በቁራጭ ሽቦ ባገናኛቸው ማራገቢያው ተነሥቶ ጮኸ። ማብሪያዋ ሞታለች። ውሃው የሚጠፋው ሰልፍ ላይ ሲፈላ በክዳኑ በኩል እየገነፈለ ነበር፤ ውሃ መጉደሉ የመጋሉ ልጅ እንጂ እናት አልነበረም። አዲሱ ማብሪያ 19 ዩሮ፣ ፀረ በረዶው 12 ዩሮ። እህታችን ሂሳቡን ስትሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ሁሉም ታሪክ እንዲህ አያልቅም። አምስተርዳም፣ ቤልመር የሚኖር አንድ ወንድማችን በማስታወቂያ የገዛትን መኪና ሊያሳየኝ ሮተርዳም ድረስ መጣ። 200 ኪሎ ሜትር በተነዳ ቁጥር አንድ ሊትር ውሃ ይጠፋል፣ ካርቶኑ ግን ደረቅ ነው፣ የመኪናው ወለልም ደረቅ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው በተነሳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ውሃ መያዣው ውስጥም ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አላቆመም። መርማሪው ፈሳሽ ገና ሳልጨርስ ቢጫ ሆነ። የውሃ መያዣውን ሳጸዳ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ፤ ሻጩ ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት ጨምሮ ነው የሸጠለት። ያ ዱቄት ትንሽ ሽንቁርን ለጊዜው ይደፍናል፣ አብሮ ግን የማሞቂያውን ቀጫጭን ቧንቧ ይደፍናል። ቴስታታው ተነሥቶ፣ በማሽን ተልጦ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ የሚያስወጣው ከመኪናዋ ዋጋ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ጣላት አልኩት። ያዘነው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሳምንት ለወንድሙ ሰርግ ሙሽራ ሊያጅብባት ነበር።

በነገራችን ላይ የአምስተርዳም መኪናዎች የራሳቸው በሽታ አላቸው። ትራሙና ሜትሮው አለ፣ የመኪና ማቆሚያው ውድ ነው፣ ስለዚህ መኪናዋ ሳምንታት ቆማ ትከርማለች። ከዚያ አንድ ቀን ለቀብር ወይም ለክርስትና አምስት ሰው ጭና አ-4ን ይዛ ትበራለች። የቆመ መኪና የፓምፑ ማሸጊያ ይደርቃል፣ ቱቦው ከመያዣው ሥር ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን መኪና ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ማየት ነው እንጂ ጠዋት ሰው ተጭኖ ሳለ አይሆንም።

ራሱ ባለቤቱ ሊያየው የሚችለው ብዙ ነው፤ ሙያ አይጠይቅም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃ መያዣው ላይ ልኩን በቴፕ ምልክት ማድረግ፣ በሳምንቱ ማየት። ካርቶን ማንጠፍ፤ ጠብታው ከፊት ከሆነ ራዲያተሩን፣ ቺንጋው ካለበት ወገን ከሆነ ፓምፑን ማሰብ። ፓምፑ ማሸጊያው ሲደክም የሚያለቅስባት ትንሽ ቀዳዳ ሆን ተብላ ተሠርታለታለች። የደረቀ ፈሳሽ በቱቦ ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ወይም ሮዝ ዱካ ትቶ ይሄዳል። ይህን በባትሪ መብራት መፈለግ ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን በመኪናው ውስጥ ያለውን ነው። የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ዳሽቦርዱ ሥር አለ፤ ካፈሰሰ የእግር ምንጣፉ ይርሳል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በቅባታም ጉም ይሸፈናል። በዚህ አገር ዝናብ መስታወት መቼም ስለሚያደፍ ሰው ሁሉ «አየሩ ነው» ይላል። የአየሩ ጉም በጨርቅ ሲጠረግ ይለቃል፤ የፀረ በረዶው ግን እየተቀባ ይሰፋል። ያ ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው፤ ሕፃናትና ውሻ ይስባል። የተቀዳውን አሮጌ ፈሳሽ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የሚደፉ ሰዎችን ሳይ ደሜ ይፈላል። ማዘጋጃ ቤቱ የሚቀበልበት ቦታ አለው።

«በአፔካ አልፋለች እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። አፔካ እንደ እኛ ቦሎ ሁሉ የራሱ ጉዳይ አለው። ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ዝገቱን፣ ጭሱን ያያል፤ ስለ ሞተሩ ዕድሜ አይመሰክርም። ትናንት አልፋ ዛሬ የምትግል መኪና ብርቅ አይደለችም።

መንገድ ላይ እያለ ቀስቱ መውጣት ከጀመረ፣ ሰልፍም ከሆነ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ አድርጎ መክፈት፣ መስኮቱን ማውረድ። ላብ በላብ ያደርጋል እንጂ ሞተሩን ያስተርፋል፤ ማሞቂያው ሁለተኛ ራዲያተር ነውና። ማሞቂያው ሙቅ ተደርጎ ሳለ ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ ውሃው አልቋል፤ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው። ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ ከፍ ብሎ የነበረው ቀስት በድንገት ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። ሰው «ተመስገን በረደ» ይላል። የሙቀት ጠቋሚው በውሃ ምትክ አየር ውስጥ ስለቀረ ነው ዝም ያለው፤ ሞተሩ በዚያች ደቂቃ እየተቃጠለ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ከሆነ ጥግ ይዞ፣ በቀኝ በር ወርዶ፣ ልጆቹንም ይዞ ከብረት አጥሩ ማዶ መቆም ይቀድማል፤ ስልኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከ1946 ጀምሮ መንገደኛ የሚረዱት ቢጫዎቹ የአ.ኤን.ቬ.ቤ. መኪናዎች ይመጣሉ፤ አባል ላልሆነ ግን ውድ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የአሉሚኒየም ቴስታታን ያጣምማል። የ19 ዩሮው ጉዳት የ1,000 ዩሮ የሚሆነው በዚያች ጠርሙስ ውሃ ነው።

አንዳንዱ አሮጌ መኪናውን «አገር ቤት እልካታለሁ» እያለ ዓመታት ያቆያት ነበር። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያንን ሕልም አከበደው፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለክል ሕልሙ አበቃ። ስለዚህ የአሮጌ መኪናችን መጨረሻ እዚሁ ነው። ሲደርስም ለተፈቀደለት አፍራሽ ሰጥቶ፣ ከባለቤትነት ነጻ የሚያደርገውን ወረቀት በእጅ ሳይቀበሉ መሄድ አይገባም፤ ያ ወረቀት ከሌለ የመንገድ ግብሩ ቤት ድረስ መምጣቱን አያቆምም።

የዴን ሃጓ እህታችን ወረቀቱን የተቀበለችው በ2014 ነው። አፔካ የጣላት የበሩ ሥር ብረት በዝገት ተበልቶ ነው። ወደ አፍራሹ ግቢ ራሷ ነድታ አገባቻት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ በሰልፍ ውስጥ፣ ቀስቱ መሐል ላይ ቆሞ።